በየቀኑ አንድ ፎቶ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሁለት ጊዜ ጀምሬ አቋርጬ በሦስተኛው ዓመቱን የሞላሁ ሰው ነኝ፤ ሰው ሲሰማ የሚጠይቀኝን ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደርድሬዋለሁ።

በየቀኑ ፎቶ ማንሳት ሲባል በትክክል ምን ማለት ነው?

በቀን አንድ ፎቶ ታነሳላችሁ፣ ታስቀምጣላችሁ፣ ነገ ደግሞ ሌላ። በቃ። አብዛኛው ሰው ለአንድ ዓመት ብሎ ነው የሚጀምረው፣ 365 ቀን ማለት ነው። ለአንድ ወር ብሎ የሚሞክርም አለ፣ ሳያቆም አሥር ዓመት የሚሄድም አለ።

"አንድ" ስንል ግን ቁልፉን አንድ ጊዜ ብቻ ተጫኑ ማለት አይደለም። አርባም ብታነሱ መብታችሁ ነው። ማታ ላይ ግን ከአርባዎቹ አንዷ ብቻ ናት የቀኑ ፎቶ የምትሆነው። እኔን ከጠየቃችሁ ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነው። ሁለት የሚመሳሰሉ ፎቶዎችን እያፈራረቃችሁ እያያችሁ "ይቺ ለምን በለጠችብኝ?" ብላችሁ አምስት ደቂቃ ስትጨነቁ፣ ዓይናችሁ ሳይታወቃችሁ እየተሳለ ነው። "ሁለቱንም ልያዝ" የሚል ሐሳብ ይመጣል። እምቢ በሉት።

ውድ ካሜራ ያስፈልገኛል?

አያስፈልግም። ሞባይላችሁ ይበቃል፤ እንዲያውም ለዚህ ሥራ ከትልቅ ካሜራ ይሻላል፣ ሁሌ አብሯችሁ ስለሚውል። ቁም ሣጥን ውስጥ የተቆለፈ ካሜራ ምን ያህል ጥራት እንዳለው ማን ያውቃል?

ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት ግን ሌንሱን ጥረጉ። ቀልዴን አይደለም። ቀኑን ሙሉ በጣት ሲነካካ የዋለ ሌንስ ላይ ቅባት ይቀመጥና መብራት ሁሉ ጉም የለበሰ ይመስላል፤ ብዙ ሰው "ስልኬ አረጀ" የሚለው ሌንሱ ቆሽሾበት ነው። ለስላሳ፣ ንጹሕ ጨርቅ ይበቃል። ሌላው፣ በሁለት ጣት እየለጠጣችሁ ዙም አታድርጉ። ስልኩ ያኔ ብዙ ጊዜ እየቀረበ ሳይሆን ምስሉን እየቆረጠ እያተለቀ ነው። በእግራችሁ ቅረቡ።

ካሜራ ያላችሁ ደግሞ አንድ ሌንስ፣ 35 ወይም 50 ሚሊሜትር የሚል የተጻፈበት፣ ግጠሙና ለጥቂት ወራት ሌላውን እርሱት። ምርጫ ሲበዛ ከቤት መውጣትም ያስጠላል።

መቼ ልጀምር?

ዛሬ። "ሰኞ እጀምራለሁ" ያለ ሰው ስንት ሰኞ እንዳለፈው ሁላችንም እናውቃለን።

ጄሚ ሊቪንግስተን የሚባል የኒውዮርክ ፎቶ አንሺ ነበር። እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 1979 ፎቶውን ወዲያው አትሞ በሚያወጣ የፖላሮይድ ካሜራ አንድ ፎቶ አነሳ። ማግስቱንም አነሳ። በቀን አንድ ገደማ እያነሳ መሆኑን ራሱ ልብ ያለው ከሳምንታት በኋላ እንደነበር ጓደኞቹ ይናገራሉ። ከዚያ ወዲህ ነው አስቦበት የቀጠለው፤ ለ18 ዓመት ተኩል፣ ከ6,000 በላይ ፎቶ። ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ።

ኑሮዬ ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት ነው። ምን ላንሳ?

ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይሄንን ነው። ጠያቂው የሚያስበው ተራራ፣ ባሕር፣ ጉዞ የሚያዘወትር ሰው ነው። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ የምጠቅስለት ዮሴፍ ሱዴክን ነው። የፕራግ ፎቶ አንሺ ነው፤ ቀኝ እጁን በአንደኛው የዓለም ጦርነት አጥቷል። እ.ኤ.አ. ከ1940 እስከ 1954 የስቱዲዮውን መስኮት ሲያነሳ ኖረ። ያንኑ መስኮት! መስታወቱ ሲያልበው፣ በረዶ ሲለጠፍበት፣ ውጪ ያለው ጎባጣ ዛፍ ሲያብብ፣ ጠርዙ ላይ አንድ ብርጭቆ ሲቀመጥ። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ኤድዋርድ ዌስተን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1930 አንድ ጠማማ ቃሪያ በቆርቆሮ ፈነል (ፈሳሽ ወደ ጠርሙስ የሚጨመርበት) ሰፊ አፍ ውስጥ አስቀምጦ አነሳት። ያቺ ቃሪያ ዛሬም ድረስ በፎቶግራፍ ታሪክ ውስጥ ትነሳለች።

ስለዚህ ዕቃ አትፈልጉ፣ ብርሃን ፈልጉ። እኔ ቤት የጥርስ ብሩሽ የሚቀመጥበት ተራ ብርጭቆ መስኮት ላይ አለ። ለዓመታት ስጠቀምበት አንድም ቀን አይቼው አላውቅም ነበር። አንድ ጠዋት ፀሐይዋ በጎን ገብታ በውስጡ ስታልፍ፣ ግድግዳው ላይ እንደ ውሃ የሚንቀጠቀጥ ነጭ ቀለበት ጣለች፤ የብሩሹ ጥላ መሃሉ ላይ ቆሟል። አሥር ደቂቃ ያህል ቆየና ጠፋ። በዚያ ዓመት ያንን ብርጭቆ አሥራ አንድ ጊዜ አንስቼዋለሁ። አንዱም ከሌላው አይመሳሰልም።

ጨርሶ ሲጠፋችሁ ለራሳችሁ ትንሽ ትእዛዝ ስጡ። ይህን ሳምንት ጥላ ብቻ። የሚቀጥለውን እጅ ብቻ። ወይም ከጉልበት በታች ያለ ነገር ብቻ፣ እሱ በጣም ያስቃል። ሁሉን ማንሳት ስትችሉ የሚጠፋባችሁ፣ ሲከለከላችሁ ይታያችኋል።

በቀን ውስጥ የትኛው ሰዓት ይሻላል?

ፀሐይ ዝቅ ያለችበት። እንደወጣች ያለው የአንድ ሰዓት ያህል ጊዜና ከመጥለቋ በፊት ያለው ማለት ነው። ብርሃኑ ያኔ በጎን ስለሚመጣ ብዙ አየር አቋርጦ ነው የሚደርሰን፤ ሰማያዊው መንገድ ላይ ይበተንና ቢጫና ቀላ ያለው ይተርፋል። ጥላውም ይረዝማል፤ ሜዳ የሚመስል ግድግዳ እንኳ ጎድጓዳና ጉብታው ይወጣል። ከጠለቀች በኋላ ያሉትን ሃያ ሠላሳ ደቂቃዎችም አትናቁ። ሰማዩ ጥቁር ሰማያዊ ይሆንና የቤት መብራትና የውጪው ብርሃን እኩል የሚሆኑበት አጭር ሰዓት አለ።

እኩለ ቀን ላይ ሰው ካነሳችሁ ዓይኑ ጉድጓድ ውስጥ የገባ ነው የሚመስለው፤ ጥላ ሥር አስገቡት። ደመና ሲሆን ሰው "ዛሬ ለፎቶ አይሆንም" ይላል። ለፊት ፎቶ ግን ከዚያ የተሻለ ቀን የለም፣ ብርሃኑ ከሁሉም አቅጣጫ ለስለስ ብሎ ነው የሚመጣው። ቤት ውስጥ ከሆናችሁ መስኮቱን በጎናችሁ አድርጉና አምፖሉን አጥፉ። ሁለቱ ሲደባለቁ ግማሽ ፊት ሰማያዊ፣ ግማሹ ቢጫ ይሆናል።

ፎቶዎቼ ይደበዝዛሉ፣ ወይም በጣም ይነጣሉ። ለምንድን ነው?

ድብዘዛው ዓይነት አለው፣ አስተውላችሁ እዩት። ሁሉም ነገር ከደበዘዘ እጃችሁ ተንቀሳቅሷል። የደበዘዘው ሰውየው ብቻ ከሆነ የተንቀሳቀሰው እሱ ነው። ፊቱ ደብዝዞ ከኋላው ያለው ግድግዳ ጥርት ካለ ፎከሱ የተሳሳተ ቦታ ሄዷል። ብርሃን ሲያንስ ካሜራው ብርሃን ለመሰብሰብ ብሎ ሻተሩን፣ ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ ማለት ነው፣ ረዘም ላለ ጊዜ ይከፍታል፤ በ1/15ኛ ሰከንድ ላይ የተራ ሰው እጅ መንቀጥቀጥ በደንብ ይታያል። ክርናችሁን ጠረጴዛ ላይ አስደግፉ፣ ወይ ግድግዳ ተደገፉ፣ ትንፋሻችሁን ያዝ አድርጉ።

መንጣቱን በተመለከተ፦ ስክሪኑ ላይ ማንሳት የምትፈልጉትን ነገር ንኩት፣ ከዚያ ጣታችሁን ወደ ታች ሳብ አድርጉ። አብዛኛው ስልክ ላይ ምስሉ ይጠቁራል። ትንሽ ጠቆር አድርጉት። የጨለመ ቦታ በኋላ በኤዲት ትንሽ ሊወጣ ይችላል፤ ጭልጥ ብሎ የነጣ ግን ውስጡ ምንም መረጃ ስለሌለ አይመለስም።

ቀኑን ሙሉ ያገኘሁት መጥፎ ፎቶ ብቻ ከሆነስ?

አስቀምጡት። ከ365 ውስጥ "በእውነት ጥሩ ነው" የምለው ሃያ ቢሆን ነው። ሌላው እሺ የሚባል፣ ሠላሳው አርባው ደግሞ የሚያሳፍር።

የ212ኛውን ቀን ልንገራችሁ። መሽቷል፣ ደክሞኛል፣ ምንም አላነሳሁም። እማዬ መስኮቱ ጋ ቆማ መርፌ ውስጥ ክር ልታስገባ ትታገላለች። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላዋለች፣ የክሩን ጫፍ በምራቋ አርጥባ መርፌውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋዋለች፣ አንድ ዓይኗን ጨፍናለች። አነሳኋት። "ዝም ብለህ ከምትገተር ና አስገባልኝ!" አለችኝ። ስልኩን አስቀምጬ አስገባሁላት። በኋላ ሳየው ፎከሱ መጋረጃው ላይ ነው የሄደው። የእሷ ጣቶች ተንቀሳቅሰዋል፣ መርፌው ጨርሶ አይታይም፣ ክሩ ብቻ እንደ ቀጭን ነጭ ጭረት አየር ላይ ቀርቷል። "ለቀኑ ማሟያ" ብዬ ከፎልደሩ ከተትኩት። ሌላ ስላልነበረኝ ብቻ።

አንድ ቀን ቢያመልጠኝስ?

የመጀመሪያ ሙከራዬ 23ኛው ቀን ላይ የሞተው በዚህ ነው። ተኝቼ ቀረሁ፤ ጠዋት ስነቃ "አለቀ በቃ፣ ተበላሸ" አልኩና ተውኩት። አሁን ሳስበው ሞኝነት ነው። ሃያ ሁለት ፎቶ ነበረኝ፣ አንድ ስለጎደለ ሃያ ሁለቱን ጣልኩ።

አሁን ሕጌ እንዲህ ነው፦ ያመለጠው ቀን ባዶ ሆኖ ይቆያል። በማግስቱ ሁለት አንስቼ አንዱን የትናንት ነው አልልም፣ ራስን መዋሸት ደስታውን ያጠፋዋል። ባዶ ቦታውን ትቼ እቀጥላለሁ። የሚያስፈራኝ አንድ ቀን ሳይሆን ሁለተኛው ነው፣ ምክንያቱም ሁለት ቀን የዘለለ ሰው ሦስተኛውን ለመዝለል አይከብደውም። ማታ የሚጮኽ አላርም ሙሉ፤ ከመተኛታችሁ ሁለት ሰዓት ያህል ቀድሞ ይሁን፣ አለዚያ አልጋ ላይ ሆናችሁ የጣራ ፎቶ ታበዛላችሁ። የጣራ ፎቶ ሰባት አለኝ።

ከሌሊቱ 6 ሰዓት ካለፈ በኋላ ያነሳሁት የየትኛው ቀን ነው?

ለስልኩ ማግስት ነው፣ ለእኔ ግን እስክተኛ ድረስ ዛሬ ዛሬ ነው። የሌሊት ተረኛ የሆነ ጓደኛዬ ቀኑን የሚቀይረው ሲነቃ ነው። የፈለጋችሁትን ሕግ አውጡ፣ ብቻ መሃል ላይ አትቀያይሩት።

ኤዲት ማድረግ፣ ፊልተር መጠቀም ይፈቀዳል?

የሚከለክል የለም። እኔ ግን ጊዜ ወሰንኩለት፦ ለአንድ ፎቶ ሦስት ደቂቃ። የተንጋደደውን ማቅናት፣ ጠርዝ ላይ የገባውን ትርፍ ነገር መቁረጥ፣ ብርሃኑን ማስተካከል። ከዚያ በላይ ከሄድኩ ማታ ማታ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ መቅረቴ ነው፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ፎቶ ማንሳት ራሱ ያስጠላኛል።

ስለ ፊልተር አንድ ነገር ልበል። ዘንድሮ የሚያምረው ፊልተር ከሦስት ዓመት በኋላ ያሳፍራል። ብትጠቀሙም ዋናውን ፋይል አታጥፉ።

የት ላስቀምጣቸው? ስልኬ ይሞላል።

አንዱ የስልክ ፎቶ ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት ቢሆን ነው። በ365 ስታበዙት የዓመቱ ሁሉ ወደ 1.5 ጊጋባይት ይመጣል፤ ትንሽ ነው። ስልክ የሚሞላው ያልተመረጡትን ሳትሰርዙ ስትቀሩ ነው። በቀን አሥር እያነሳችሁ ሁሉንም ካቆያችሁ 15 ጊጋባይት ደረሰ። ስለዚህ ማታ አንዷን ስትመርጡ የቀሩትን ሰርዙ። ያማል፣ ግን ይለመዳል።

አሁን የሁለተኛውን ሙከራዬን መጨረሻ ልንገራችሁ። 118ኛው ቀን ላይ ስልኬ ከደረት ኪሴ ተንሸራቶ ውሃ የሞላ ባልዲ ውስጥ ገባ። ሌላ ቅጂ አልነበረኝም። የተረፉኝ ለእህቴ በቻት የላክኋቸው ሃያ ምናምን ፎቶዎች ናቸው፣ እነሱም ሲላኩ ተጨምቀው አንሰዋል። ከዚያ ወዲህ ባለሙያዎቹ የሚሉትን እሰማለሁ፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጪ። አንዱ ስልኩ ላይ፣ አንዱ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንዱ ኢንተርኔት ላይ ወይም ዘመድ ቤት። በየሳምንቱ እሑድ አስተላልፋለሁ፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

የፋይሉን ስም በዓመት፣ ወር፣ ቀን ቅደም ተከተል ጻፉ፤ ወርና ቀኑን ሁሌ በሁለት አሃዝ፣ 03 እያላችሁ። እንዲህ ከሆነ ኮምፒውተሩ ራሱ በተርታ ያሰልፍላችኋል። 3 ብቻ ካላችሁ ግን 10ኛው ወር ከ3ኛው ቀድሞ የሚሰለፍበት ጊዜ አለ።

በየቀኑ ፖስት ማድረግ አለብኝ?

ግዴታ የለባችሁም። ፖስት ማድረግ የሚጠቅመው ሰው አለ፣ "ዛሬስ የታለ?" የሚል ሰው ሲኖር አይዘለልም። ጉዳቱ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። የፀሐይ መጥለቂያ ላይክ ይበዛለታል፣ የብርጭቆ ጥላ ሦስት ላይክ ያገኛል፣ ከዚያ ሳታውቁት ፀሐይ መጥለቂያ ብቻ ስታነሱ ትገኛላችሁ። እኔ ሁለት ወር እንዲህ ሆኜ ነበር። አሁን የማሳየው ለሁለት ሰዎች ብቻ ነው፣ አንዷ እህቴ ናት፣ ስትሰለች ትነግረኛለች።

ቪቪያን ማየርን አስቡ። አሜሪካ ውስጥ ሞግዚት ሆና ስትሠራ የኖረች ሴት ናት፤ ከ100,000 በላይ ፎቶ አንስታለች፣ ከሞላ ጎደል ለማንም አላሳየችም። ዕቃዋ እ.ኤ.አ. በ2007 በጨረታ ተሸጦ ነው ሥራዋ የተገኘው፤ እሷ በ2009 አረፈች፣ ዝናው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ደብቁ ማለቴ አይደለም። ማንም ሳያየውም ይኼ ሥራ ሰውን ዕድሜ ልክ ሊይዝ ይችላል ለማለት ነው።

ሰው ሳነሳ ማስፈቀድ አለብኝ?

የማውቀውን ሰው ከሆነ አንስቼ አሳየዋለሁ፣ ካልወደደው እዚያው ፊቱ አጠፋለሁ። የማላውቀውን ሰው ፊት ለፊት ከማንሳቴ በፊት እጠይቃለሁ፤ ቋንቋ እንኳ ባንግባባ ካሜራውን ከፍ አድርጎ ቅንድብን ማንሳት ይበቃል። እምቢ ካለ አመስግኖ መሄድ ነው። ሕጉ ከአገር አገር ስለሚለያይ የአገራችሁን እወቁ፤ ወታደራዊ ቦታ፣ ፍተሻ ጣቢያ፣ ሆስፒታል ውስጥ ግን ሕጉን ሳትጠይቁም ስልካችሁን ኪስ ክተቱ። የሰው ልጅ፣ ሕፃን ማለቴ ነው፣ ያለወላጁ ፈቃድ አይነሳም፣ ተነስቶም አይለጠፍም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ አለ። ሎኬሽን ከተከፈተ እያንዳንዱ ፎቶ የተነሳበትን ቦታ ፋይሉ ውስጥ ይዞ ይሄዳል። በቴሌግራም "እንደ ፋይል" ስትልኩ ጥራቱ አይቀንስም፣ ቦታውም አብሮ ይሄዳል። በየቀኑ ከቤታችሁ መስኮት የምታነሱ ከሆነ የካሜራውን ሎኬሽን መዝጋት ነው።

ሦስተኛው ወር ላይ ሰለቸኝ። ሁሉም ፎቶዬ አንድ ዓይነት ሆነብኝ።

በሰዓቱ ነው የመጣው። በመጀመሪያው ወር ሁሉም ነገር አዲስ ነው፣ በሁለተኛው የምታውቁትን ሁሉ ታነሳላችሁ፣ በሦስተኛው ያልቃል። መሰላቸቱ ዓይናችሁ ከእጃችሁ ቀድሞ ማደጉን ይነግራችኋል፤ ከሁለት ወር በፊት ያስደስታችሁ የነበረው ፎቶ አሁን አልጠቅም ብሏችኋል።

እኔን የረዳኝ ያለፉትን ዘጠና ፎቶዎች ትንንሽ አድርጌ ሁሉንም አንድ ገጽ ላይ ማየት ነበር። አፈርኩ። ሰባው ያህል ቁመቴ ላይ፣ ከዓይኔ ትይዩ የተነሱ ናቸው፣ ነገሩ ሁሌ መሃል ላይ ነው። ለሁለት ሳምንት ተንበርክኬ ወይ ወንበር ላይ ወጥቼ ብቻ አነሳሁ። ጎረቤት ምን እንዳለ አላውቅም። ከዚያ ደግሞ ጥቁርና ነጭ ብቻ፣ ቀለም ሲጠፋ ቅርጽ ብቻ ነው የሚቀራችሁ። በተቃራኒው መሄድም ይቻላል፣ መደጋገሙን ሆን ብሎ ማክበር። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ኒኮላስ ኒክሰን እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ባለቤቱንና ሦስት እህቶቿን በዓመት አንዴ በተመሳሳይ አሰላለፍ እያቆመ ሲያነሳ ኖሯል። አንዱ ፎቶ ብቻውን አራት ሴቶች ናቸው። በተርታ ሲታዩ ግን ዕድሜ ሲያልፍ ይታያል።

ሁሌ ስልክ እያወጣሁ ኑሮው ራሱ አያመልጠኝም?

ሊያመልጣችሁ ይችላል፣ አልዋሽም። ጓደኛዬ ሆድ ብሶት ሲያወራኝ ብርሃኑ ፊቱ ላይ እንዴት እንዳረፈ እያየሁ ራሴን ያገኘሁበት ቀን አለ። ያን ቀን ስልኩን አላወጣሁም፣ ግን ሙሉ በሙሉም እየሰማሁት አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ቀላል ነው። ሰው የሚያወራ ከሆነ ካሜራ የለም። ሌላ ጊዜ ቶሎ አንስቼ አስቀምጣለሁ፤ ሦስት አራት ፎቶ፣ ሠላሳ ሰከንድ፣ ስክሪኑ ላይ ቆሜ አላይም። መምረጡ ለማታ ነው። ኑሮን የሚበላው ማንሳቱ ሳይሆን ካነሱ በኋላ አንገት ደፍቶ ማየቱ ነው፣ ቢያንስ እኔ ዘንድ።

ሐዘን ወይም ሕመም ባለበት ቀንስ ይነሳል?

ሊቪንግስተን እስከ መጨረሻው አንስቷል። ታሞ ሆስፒታል ሲተኛ ፎቶዎቹ ሆስፒታሉን ያሳያሉ። የመጨረሻው የተነሳው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 25 ቀን 1997 ነው፣ ያረፈበት ዕለት። 41ኛ ልደቱም ነበር። ጓደኞቹ ሁሉንም ሰብስበው ለሕዝብ አሳዩአቸው።

እሱ እንደዚያ መረጠ። እኔ አልቻልኩም። ቤታችን ሐዘን በገባ ቀን የማንንም ፊት አላነሳሁም፤ በር ላይ የተደረደሩትን ጫማዎች ነው ያነሳሁት። ብዙ ነበሩ፣ አንዳንዱ ተገልብጧል፣ ሰው ቸኩሎ ነው ያወለቀው። ማንም አላየኝም። ያንን ፎቶ ሳይ ማን ማን እንደመጣ ትዝ ይለኛል። ካላስቻላችሁ ደግሞ አታንሱ፣ ባዶ የቀረው ቀን ለምን ባዶ እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ።

ዓመቱ ሲሞላ ምን ላድርጋቸው?

አሳትሟቸው። ስልክ ውስጥ የቀረ ፎቶ ማንም አያየውም፣ እናንተም ጭምር። ለ10 በ15 ሴንቲሜትር ህትመት 2 ሜጋፒክስል ገደማ ይበቃል፣ ስለዚህ የድሮ ስልክ ፎቶም ቢሆን ይታተማል። ሁሉን ማሳተም ካልቻላችሁ ከየወሩ አንድ፣ አሥራ ሁለት ምረጡ።

እኔ ሁሉንም አንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ልደረድር ተነሳሁና ቁጥሩ አስቸገረኝ። 365 ለ5ና ለ73 ካልሆነ አይካፈልም፣ እንደ ቀበቶ የረዘመ ወረቀት ሊሆን ነው። ስሞካክር 364 ግን በ28 ዓምድና በ13 ረድፍ ልክ ይገጥማል። አንድ ፎቶ ትተርፋለች ማለት ነው። የምትተርፈውን ለብቻዋ አተልቄ ላሳትማት ወሰንኩና የትኛዋ እንደምትሆን ለመምረጥ አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። የብርጭቆዋን ቀለበት አሰብኩ፣ ጫማዎቹን አሰብኩ፣ ሁለት ጥርት ያሉ የጠዋት ፎቶዎችም ነበሩኝ።

212ኛዋን አሳተምኩ። መጋረጃው ጥርት ብሏል፣ እማዬ ደብዝዛለች። ግድግዳ ላይ ስሰቅላት መጥታ መነጽሯን አወረደችና ቀረብ ብላ አየቻት። "መርፌው የታለ?" አለችኝ።